ቀይ ነጥብ በካርዱ ጀርባ

የጥፍር ቀለም ሽታ አልወድም። ትናንት ዳውንታውን ኦክላንድ ቢሮዬ ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በምሳ ሰዓት ቀይ ቀለሟን ስትከፍት ተነሥቼ ወጣሁ። አለርጂ ነው አልኳት። ለአንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ።

ያኔ የምንኖረው ሳን ሊያንድሮ ነበር፤ እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እማዬ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ቤቱ እየሄደች ታስታምም ነበር። ሰውየው ሊሞት ሲል፣ ሴት ልጁ እያየች፣ በጠንካራ ፕላስቲክ የታሸገ አሮጌ የቤዝቦል ካርድ ሰጣት። ካርድ የሚመረምር ድርጅት አይቶት፣ ከአሥር ስምንት ሰጥቶ፣ ቁጥሩን ከላይ ጽፎ ያሸገው ነው። ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ዱላ ይዞ ቆሟል፤ በቃ። እንዲህ ያለውን ግን ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ ይገዙታል አሉን። እማዬ የነርስ ትምህርት ቤት ክፍያዋን አየችበት። የማመልከቻው ፎርም ተሞልቶ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ዋጋውን የሚገምትልን ነጋዴ ሳን ሆዜ ተገኘ። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ጥላዬን የማላምን ልጅ ነበርኩ። የሱቅ መልስ ሁለቴ እቆጥራለሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዬን አቅፌ እቀመጣለሁ።

«ማሚ፣ እነዚህ ሰዎች አይታመኑም» አልኳት በዋዜማው። «ልየው ብሎ ጓዳ ይገባና ካርዱን አውጥቶ ሌላ ይከትበታል። ስዊች ያደርጉታል። በምን ታውቂያለሽ?»

«እውነትሽን ነው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤታችን በጥፍር ቀለም ሸተተ። እማዬ ጥፍሯን ተቀብታ አታውቅም፤ ጠርሙሱ ለድስት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ድግስ ድስቷን ስታውስ ከሌላ ሴት ድስት ጋር እንዳይቀየርባት ከሥሩ ቀይ ነጥብ ታደርግበታለች። ሌሎቹም እናቶች እንደዚያው ናቸው፤ አንዷ አረንጓዴ፣ አንዷ ወርቃማ። ድግስ አለ ማለት ነው ብዬ አለፍኩት።

ነጋዴው ራሰ በራ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ሱቁ አሮጌ ወረቀት አሮጌ ወረቀት ይሸታል። ገና ካርዱን እንደሰጠነው እማዬ፣ «ፓርኪንጉ ሊያልቅብን ነው፣ ሳንቲም ጨምሬ ልምጣ። ዓይንሽን ከእጁ እንዳትነቅይ!» ብላኝ ወጣች።

አልነቀልኩም። ፕላስቲኩን ወደ መብራቱ አዘንብሎ ጠርዙን በጥፍሩ ዳበሰው። ሙጫ ነበረው። ገለበጠው። ካርዱ ጀርባ ላይ፣ ጥጉ ጋ፣ ምስር የምታህል ቀይ ነጥብ ነበረች።

«ማነው የከፈተው?» አለኝ። የጠዋቱ የወጥ ቤታችን ሽታ ትዝ አለኝ። «ሳይነካ ብታመጡት ዛሬውኑ እገዛችሁ ነበር» ብሎ ገንዘቡን ነገረኝ። ለትምህርት ቤቱ ከፍሎ ይተርፍ ነበር። «አሁን ግን እሽጉ ፈርሷል፣ ቀለምም ነክቶታል። በጣም አዝናለሁ።» ማዘኑ ደግሞ ከፊቱ ይታይ ነበር። ሌባ ቢሆን በወደድኩ።

እማዬ ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ካርዱን መገልበጥ ነው። ነጥቧን ስታይ ፊቷ በራ። «የእኛው ነው!» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ኩራቷን መደበቅ አቅቷት። «ስንት አለ?»

«ትንሽ ነው የሚያወጣው አለ።»

«ሌባ!» አለችና እጄን ይዛ ወጣች። መኪናው ውስጥ፣ «ሌላ ጋ እንሂድ» ስትለኝ፣ «ሁሉም ያው ናቸው» አልኳት። አመነችኝ። ከዚያ ወዲህ በሳን ሆዜ ባለፍን ቁጥር ያን ደግ ሰው ትረግመዋለች፤ እኔም አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ፎርሙ ቦርሳዋ ውስጥ እጥፋቱ እስኪቀደድ ድረስ ኖረ። እሷም ጡረታ እስክትወጣ የሰው ሽማግሌ ስታገላብጥ ወገቧ አለቀ።

ባለፈው እሑድ፣ «እስቲ ያን ካርድ አምጪልኝ» አለችኝ። መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ጋ ወሰደችው። ገለበጠችው፣ ነጥቧን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር።

«አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ ቀይሮን ነበር እኮ» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። «ጎበዝ ልጄ።»