ደሳለው አዞ ላይ የተቀመጠ ዕለት

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለውን ወራት እናንተም ታውቁታላችሁ። ማሽላው ገብቶ አውድማው ባዶ ነው። ደጋው ላይ የጠዋቱ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ተከዜ ዳር ወዳለው ዝቋላ ቆላ ሲወርዱ ደግሞ የለበሱት ጋቢ ሸክም ይሆናል። የተከዜ ሐይቅም በዚያ ወቅት ወደ ኋላ ይሸሽና ዳር ዳሩን ጭቃ ትቶ ይሄዳል። ያን ዓመት ጭቃው ላይ አንድ አዞ እየወጣ ፀሐይ መሞቅ ጀመረ። አዞ ድሮም ነበር፣ ግን ከሰው ይርቅ ነበር። ይኼኛው ፍየል ለመደ።

ፍየሎቹ የዝማም ናቸው። ዝማም ባሏ የሞተባት፣ በእናቴ በኩል የምትዘመደኝ ሴት ናት፤ አብረን ነው ያደግነው። ጽጽቃ ገበያ ላይ አገኘችኝና፣ «ኃይሉ፣ ጅብ ሲሆን ሳትጠራ ትመጣለህ፤ አዞ ሲሆን የት ገባህ?» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዞ አድኜ አላውቅም ነበር። ጅብ ገድያለሁ፣ ነብር ተከታትዬ ገደል ለገደል አድሬአለሁ። ውኃ ውስጥ የሚኖር ነገር ግን አላውቅበትም። ስለዚህ የሚስቴን ወንድም ደሳለውን ጠራሁት።

ደሳለው ሰቆጣ ውስጥ አናጺ ነው። ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሰው። የማይወደው የለም። ተኳሽነቱም ውሸት አይደለም፤ ከገደል ማዶ የቆመ ከርከሮ በአንድ ጥይት ሲጥል በዓይኔ አይቻለሁ። ችግሩ፣ ተኳሽነቱን ከሁላችንም አብልጦ የሚያውቀው እሱ ራሱ መሆኑ ነው።

እሱ ክላሹን፣ እኔ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃዬን ይዘን፣ በሶና አንድ ጀሪካን ውኃ፣ ጠንካራ ገመድም ተሸክመን ወረድን። መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው ሁሉ «ወዴት ናችሁ?» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን «አዞ ልናድን» ይል ነበር። ደሳለው ግን፣ «አዞ ልንገፍፍ!» ነው የሚለው። ለአንዱ ቀበቶ፣ ለሌላው የጩቤ አፎት፣ ለሌላው የጫማ ቆዳ ቃል ይገባል። ዝማም ቤት እስክንደርስ ድረስ ያደለው ቆዳ አንድ አዞ ቀርቶ የአዞ መንጋ ቢታረድ አይበቃውም።

ማታ ራት በልተን ስንጨርስ፣ «እቴ ዝማም፣ ነገ ጠዋት አንዷን ፍየል አሳርጂና ጎረቤቱን ጥሪ» አላት።

«አዞው ይሙትና!» አለች።

«ረፋድ ላይ ሞቷል በይው። ስንመለስ ሥጋው ካልደረሰ ነው የምቀየምሽ።»

እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። የደሳለው ነገር እንዲህ ነው፤ ሲያወራ ታምኑታላችሁ።

በማግስቱ ካሳዬ የሚባል፣ ሐይቁ ላይ መረብ እየጣለ ዓሣ የሚያወጣ ጎልማሳ ቦታውን ሊያሳየን መጣ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ዳሩ ላይ ደረስን። ጭቃው ላይ ያየሁትን ፈለግ እስከ ዛሬ አልረሳውም። እህል የሞላ ጆንያ የተጎተተበት ይመስላል። በግራና በቀኝ ጣቶቹ ተተክለዋል፤ መሐል ለመሐል ጅራቱ እንደ እባብ የተጥመለመለ መስመር ትቷል። የፈለጉ ጠርዝ ገና አልደረቀም፤ የጣቶቹ ጉድጓድ ውስጥ ውኃ እየቋጠረ ነበር። ነፋሱ ከውኃው ወደ እኛ ስለሚነፍስ ሽታችን አይደርሰውም። በሆዳችን እየተሳብን አንድ ቋጥኝ ጀርባ ገባንና አንገታችንን ቀና አደረግን።

እዚያው ነበር። እኔ መጀመሪያ የወደቀ ግንድ መስሎኝ አልፌው ሌላ ቦታ ስፈልግ ነበር። አፉን ከፍቶ፣ ጅራቱን ወደ ውኃው አድርጎ ተጋድሟል።

ደሳለው ትንፋሹን ያዘና ተኮሰ። አዞው አንዴ ተወራጨ፣ ጭቃውን በጅራቱ መታ፣ ከዚያ አገጩን መሬት ላይ ጥሎ ቀረ። ከጭንቅላቱ ደም ይወርዳል። ጥሩ ተኩስ ነበር፤ ይህን አልነሳውም።

ከዚያማ ማን ይያዘው! ደሳለው ቋጥኙ ላይ ወጥቶ ፉከራውን ለቀቀው። ድምፁ ማዶ ተሻገረ። ኮረብታው ላይ ያሉት የዝማም ጎረቤቶች ሰምተው እልልታውን አቀለጡት።

«ትንሽ እንቆይ» አልኩት። «ሌላ ጥይት ድገመውና እንቅረብ።»

«አያ ኃይሉ ደግሞ! ብደግመው ቆዳው ይበሳል እኮ። ለዚያ ሁሉ ሰው ምን ልሰጥ ነው? እኔ የመታሁት ተነስቶ ያውቃል? እስቲ እርስዎ ይመስክሩ!»

ተነስቶ አያውቅም። ምንሽሬን ግን አላወረድኩም።

ክላሹን ቋጥኙ ላይ አስደግፎ ስልኩን ለካሳዬ ሰጠው። ጋቢውን በትከሻውና በወገቡ አጣፍቶ ቋጠረና አዞው ጀርባ ላይ ልክ እንደ በቅሎ ፊጥ አለ።

«ካሳዬ፣ ጅራቱም ይግባ!»

ካሳዬ ስልኩን ደግኖ ወደ ኋላ ሄደ። «አሁንም አልገባም» ይላል፤ ወደ ኋላ ይሄዳል። ደሳለው ደረቱን ነፍቶ፣ ጥርሱን ገልጦ ይጠብቃል። እኔ በጎን በኩል ቆሜ የአዞውን ፊት አያለሁ። ዓይኑ ክፍት ነው። ሳየው ሳየው፣ ጨፈነው። ቀስ ብሎ መልሶ ከፈተው።

ልጆቼ፣ የሞተ ነገር ዓይኑን አይጨፍንም።

«ደሳለው፣ ተነስ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው፣ አላነሳኝም እንዴ?» አለኝ፤ እሱ ስለ ፎቶው የምናገር መስሎታል።

ከሥሩ አዞው ተነሳ። ደሳለው በጎኑ ወደቀ። ጅራቱ ዞሮ ቅልጥሙን ሲመታው ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ቋ ሲል ሰማሁ። ወዲያው አውሬው አፉን ወረወረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የያዘው ጋቢውን ነበር። ጋቢው ግን የተቋጠረው ወገቡ ላይ ነው። አዞው እየጎተተው ወደ ውኃው ማፈግፈግ ጀመረ።

ልተኩስ አልኩ፤ የሰውየውና የአውሬው ራስ አንድ ላይ ነው። ምንሽሬን ጣልኩና ደሳለውን በብብቱ አቅፌ ያዝኩት። ካሳዬ ስልኩን ጭቃ ውስጥ ወርውሮ መጥቶ እኔን በወገቤ ያዘኝ። ጭቃው አያስቆምም፤ ሦስታችንም አንድ ላይ እየተንሸራተትን እንሄዳለን። ውኃው ጉልበቴ ደረሰ። ቋጠሮውን ልፈታ እጄን ብሰድ ጠብቆ ድንጋይ ሆኗል። ያ ገደል የሚያስተጋባ ሰው ያን ጊዜ አልጮኸም። በጆሮዬ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «አያ ኃይሉ፣ እንዳይለቁኝ» ነው ያለኝ።

«አልለቅህም» አልኩት። ለራሴ ግን ክንዴ እየዛለ መሆኑን አውቄዋለሁ።

በዚህ መሐል ከኋላችን የሴት ጩኸት መጣ። ዝማም ናት። ፉከራውን ሰምታ ሥጋ ስትመትርበት የነበረውን ቢላዋ እንደያዘች ነው የወረደችው። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና እየተሳደበች፣ አዞውን ይሁን ደሳለውን እንጃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ውኃው ውስጥ ገባች። ጋቢው ተወጥሮ ስለነበር ቢላዋዋን ስታሳርፍበት ጠርዙ ተተረተረ፤ ደግማ ስትለው ተበጠሰ። ሁላችንም ወደ ኋላ፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ተዘረርን። አዞው ውኃው ውስጥ ገባ። የጋቢው ነጭ ጥቂት ታየና ጠፋ።

ደሳለውን ጎትተን ከውኃው አራቅነው። በመጨረሻ ዝማም ፊቷን ከጭቃ ጠረገችና፣ «ሥጋው ደርሷል፤ ልጠራችሁ ነበር የመጣሁት» አለች።

ቅልጥሙ የተሰበረው ሰውዬ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሁላችንም። እሱ እየሳቀ እንባው ይወርዳል፤ ከሕመሙ ይሁን ከድንጋጤው አላውቅም፣ እኔም አልጠየቅሁት።

ቆዳውን ልናስርበት ባመጣነው ገመድ እግሩን ከእንጨት ጋር አሰርንለት። ለድግስ የመጡት ጎረቤቶች በልተው በርትተው ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሙት፤ እስከ ጽጽቃ ጤና ጣቢያ ዳገቱን በትከሻ ወጣ። ታዲያ መንገዱ ያው የመጣንበት ነው። ቃል የተገባለት ሁሉ ከየደጁ እየወጣ «ቆዳውስ?» ይላል። ደሳለው መጀመሪያ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ነበር። ኋላ ላይ ሰለቸውና ገለጠው። «ለባለቤቱ ትቼለታለሁ!» እያለ እሱው ይመልስ ጀመር። ተሸካሚዎቹ በሳቅ ቃሬዛውን ሊጥሉት ነበር።

አዞውን ዳግም የተኮሰበት የለም። ዝማምና ጎረቤቶቿ ፍየሎቹ የሚጠጡበትን ቦታ ውኃው ውስጥ ድረስ በግራር እሾህ ሊያጥሩት ተስማሙ። ደሳለው እግሩ ሲድንለት እያነከሰ ወርዶ ምሰሶዎቹን የተከለው እሱ ነው። የመጨረሻውን መትቶ እንደጨረሰ በእጁ ነቅነቅ አደረገው፤ «ይህንን የሚነቅል ገና…» ብሎ ጀመረና እኔን አየ። «እስቲ እናያለን» አለ። እስካሁን አጥሩ ቆሟል፤ በየዓመቱ ግን እየሄደ የላላውን ያጠብቃል።

እኔ ከዚያ ቀን ያተረፍኩትን ልንገራችሁ። እንደ ደሳለው የሚተኩስ ሰው ዛሬም አላየሁም። ያን ዕለት ያልሳተው ሰው፣ አልስትም ስላለ ብቻ ሊሞት ነበር። ስለዚህ አውሬ ሲወድቅልኝ አልቀርብም። ምንሽሬን እንዳጎረስኩ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ፣ ድንጋይ እወረውራለሁ፣ ዓይኑን አያለሁ፣ እንደገና እወረውራለሁ። ባለፈው ጋዝጊብላ ወረዳ ጅብ ጥዬ እንዲሁ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ አብረውኝ የነበሩት ጎረምሶች፣ «አያ ኃይሉ ለጅቡ ለቅሶ ተቀምጠዋል» ብለው ተሳሳቁብኝ።

እኔም «አዎ፣ ኑ አብራችሁኝ ተቀመጡ» አልኳቸው። ቦታ ለቀቅሁላቸው፤ እየሳቁ ተቀመጡ።