አንድ ስክሪን፣ ሁለት ሠርግ

ዙሊኻ በአልጄሪያዋ የሞስታጋነም ከተማ በአንድ የሠርግ አዳራሽ ቢሮ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ትሠራለች። አዳራሹን መጋዘን ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ወለል ጠረገች፣ ኋላ ሳህን ቆጠረች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ለሙሽሮች ቀን የምትሰጠው እሷ ሆነች። በከተማው ሠርግ የሚበዛበትን የሞቃት ወራት ሐሙስ ማግኘት ሙሽራ ከማግኘት ይከብዳል። ዙሊኻ "ቀኑ የእናንተ ነው" ካለች ግን እናቶች እፎይ ብለው ይሄዳሉ።

ትዕግሥቷን የሚያስጨርሷት ሲ ቡዓለም ናቸው፤ "ሲ" በአገሩ "አቶ" እንደ ማለት ነው። ከባቡር መሥሪያ ቤት ጡረታ ወጥተው ማታ ማታ እሷን ይተካሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን አንድ ነው። እሷ ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፈው በዐረብኛ ስለምትሠራ ዴስክቶፑ ላይ ያሉት ምልክቶች ከቀኝ ጀምረው ይደረደራሉ፦ ከላይ የቀናቱ ፋይል፣ ከሥሩ ውሉ፣ ቀጥሎ የምግቡ ዝርዝር። ዓይኗን ጨፍናም ታገኛቸዋለች። ሲ ቡዓለም ወደ ፈረንሳይኛ ሲቀይሩት ሁሉም ተገልብጦ በግራ ይሰለፋል። ጠዋት ስትገባ የገዛ ቤቷን በር በጓሮ በኩል ያዞሩባት ይመስላታል። ትመልሰዋለች፤ ማታ ይገለብጡታል። "እባክዎ አይንኩ" ብላ ጽፋ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ብትለጥፍ፣ በማግስቱ ወረቀቱንም ወደ ግራ አዛውረውት አገኘችው።

ከዚያ ግንቦት ላይ መገልበጡ ቀረ። የእሷ ምልክቶች በቀኝ እንዳሉ ናቸው፤ በግራ ጥግ ሌላ የቀናቱ ፋይል ምልክት ብቻ ተጨምራለች። ዙሊኻ ልብ ገዙ ብላ ደስ አላት።

ሐምሌ ላይ ኸይራ የምትባል ሴት ለልጇ ለኢክራም ሠርግ ወንበሮቹን ልታይ መጣች። ፀጉር ሠሪዋ በኢክራም ሐሙስ፣ በዚሁ አዳራሽ ሌላ ሙሽራ አለች ብላ እንደነገረቻት እየሳቀች አወራች። ዙሊኻም ሳቀች። በቀኝ ያለውን ከፈተች፤ የኢክራም ስም አለ። ለወጉ ያህል የግራውንም ከፈተች። በዚያው ሐሙስ ላይ የሌላ ሙሽራ ስም ተጽፏል።

ሲ ቡዓለምን ደውላ አስጠራቻቸው። ከገበያ የገዙትን ሰርዲን በፌስታል አንጠልጥለው መጡ።

"ወደ ፋይሉ የሚያስገባ አቋራጭ ነው የሠራሁት" አሉ።

"አቋራጭ አይደለም፣ ሲ ቡዓለም። ፋይሉን ኮፒ አድርገውታል። ሁለት ወር ሙሉ እኔ በአንዱ፣ እርስዎ በሌላው ስንጽፍ ከርመናል።"

"መልካቸው አንድ ነው እኮ።"

"መንታም መልኩ አንድ ነው፤ ሲያገባ ግን ሁለት ሠርግ ይፈልጋል።"

ኸይራ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የጥሪ ካርዱን እስከ ኦራን ከተማ ድረስ ላለው ዘመድ ሁሉ ማደሏን፣ ከዚህ ወንበር የሚያስነሳትም እንደሌለ ተናገረች።

ሲ ቡዓለም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሌላዋ ሙሽራ የወንድሜ ልጅ ናት፣ ዙሊኻ። ምን ብዬ ነው የምነግረው?"

"እኔ ለወይዘሮ ኸይራ ቃል የሰጠሁት ገና ግንቦት ሳያልቅ ነው። እርስዎ ካልደወሉ እኔ እደውላለሁ፤ ያኔ ደግሞ ምንም አልደብቅም።"

ደወሉ። የወንድማቸው ጩኸት ከስልኩ አልፎ በቢሮው ተሰማ። ሲ ቡዓለም "እሺ... እሺ... ልክ ነህ" ሲሉ ቆይተው፣ ላብ አጥምቋቸው ስልኩን ዘጉ። ወንድማቸው በሐሙሱ ፈንታ ማክሰኞን ተቀብሏል፤ ግን የምትጽፈው ዙሊኻ ራሷ እንድትሆን፣ እሳቸው ማውሱን በጣታቸው እንዳይነኩ አስምሏቸዋል።

ዙሊኻ ማክሰኞን ጻፈች። የግራውን ከማጥፋቷ በፊት ግን ሲ ቡዓለም ለማን ለማን ቀን እንደሰጡ ከቀኙ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ነበረባት። ጀመረች። እሳቸው በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብለው፣ "ማክሰኞ ነው ያልኩሽ" አሉ።

"ጽፌያለሁ።"

"የሚቀጥለው ማክሰኞ።"

"ጽፌያለሁ አልኩዎት እኮ።"

ኸይራም ወንበሯን እየጎተተች በሌላ ጎኗ ተጠጋች። "የኔን ሐሙስ አሳዪኝ" አለች። ዙሊኻ አሳየቻት። ኸይራ ትንሽ ቆይታ እንደገና፣ "ሐሙሴ አሁንም አለ?" አለች።