ዘርፋሙ ጃንጥላ

እናቴ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ከተደረገች ወዲህ ፀሐይ አይንካሽ ስለተባለች፣ ሦስት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣችም። እውነቱን ለመናገር ፀሐዩ ሰበብ ነበር። «ሰው እንደሆነ ረስቶኛል፤ ብወጣስ ማን ሊያውቀኝ» ትላለች። መሐል ሜዳ ገበያ ሄዳ፣ ሰላምታ ስታዳርስ ጨው መግዛቱን ረስታ የምትመለስ ሴት እንዲህ ስትል አንጀቴን በላችው።

አሮጌ ጃንጥላዋን ከተሰቀለበት አወረድኩት። አንዱን ሽቦ የመንዝ ንፋስ ሰብሮታል፤ ጨርቁም ሳስቶ ፀሐይን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጃንጥላ ጠግኜ አላውቅም። ግን ለገዛ እናቱ የማይደፍር ሰፊ መቀሱን ይሽጥ። የተሰበረውን በብስክሌት ጎማ ሽቦ ደግፌ አሰርኩት፤ መታጠፊያዎቹ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘይት ጠብ ጠብ አደረግኩ። ከስምንቱ የጨርቅ ቁራጮች አንዱን ፈትቼ በእሱ ልክ ከወፍራም ቀይ ከፋይ ስምንት ቆርጬ ጃንጥላውን አለበስኩት።

ከጎን የምትገባው ፀሐይ ብቻ ቀረች። ለእሷም መላ አላጣሁም፤ መደርደሪያዬ ላይ ወርቃማ ዘርፍ ነበረኝ፣ ዙሪያውን ሰፋሁት። በእናቴ ራስ ላይ ስዘረጋው ዘርፉ ዓይኗ ድረስ ወረደ። ኮራሁ።

በገበያ ቀን ይዛው ወጣች። እኔ ከሱቄ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ከበቅሏቸው ወረዱ። መንገድ ዳር የተቀመጡት ብድግ አሉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዷ ጎንበስ ብላ መሬት ሳመች። የሠራሁት ሥራ ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴን የታቦት ጥላ አስይዤ ገበያ ሰድጃታለሁ። እሷ ግን ግራና ቀኝ እጅ እየነሣች «እንደምን ከረማችሁ» ትላለች።

የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱ።

«የትኛው ታቦት ነው ለእኔ ሳይነገረኝ የወጣው?» አሉ።

ከጥላው ሥር እናቴን ሲያዩ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቅ ቀደማቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ዘርፉን ዛሬውኑ ፍታ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ዘርፉን ስፈታ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ የተፈታውን ክር ትጠቀልላለች። ክሩን እየጠቀለለች፣

«ለእኔ የተነሡ መስሎኝ ነበር» አለች።

በዘርፉ ፈንታ የአሮጌ ነጠላዋን ጥለት ሰፋሁበት፤ የዚያን ዕለት ስፌቴ ሁሉ ጠማማ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ አልሄድም አለች፤ ለምኜ አስወጣኋት። ከሱቄ በር ላይ ሆኜ አንድ ሰው እንኳ እንዲነሣላት ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝ። እነዚያው መንገድ ዳር ተቀማጮች ከሩቅ አዩዋት። እርስ በርሳቸው ተያይተው ሳቁና ሁሉም ብድግ አሉ።

«ተቀመጡ፤ ዛሬ እኔው ነኝ» አለች እናቴ።

«እናውቃለን» አሏት። «እንኳን ወጣሽልን።»

እናቴ ያን ሁሉ የለፋሁበትን ጥላ ወደ ኋላ ጋደል አደረገችና ፊቷን ለሰዉም ለፀሐዩም ሰጠች። ዓይንሽን ብዬ ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ተውኩት።