ሰባት ቤት የቆጠሩልኝ ታካሚ

እኔ ወሬ የምወድ ሰው ነኝ። የነርስነት ትምህርት ጀምሬ የአእምሮ ጤና ልምምድ ሲደርሰኝ ግን መጀመሪያ የተማርኩት አፌን መዝጋት ነው። «ስለ ራሳችሁ አታውሩ፤ ሰዓቱ የታካሚው ነው» ትለን ነበር አስተማሪያችን። ደግ ሕግ ነው፤ እኔን ግን ሊገድለኝ ምንም አልቀረውም።

ልምምዱ እዚህ በቅድስቲቱ ምድር፣ የኢትዮጵያ መንገድ ከሚባለው ጎዳና ብዙም በማይርቅ ሆስፒታል ነበር። የደረሱኝ ታካሚ የጎንደር ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ መቫሰረት ከተማ ያለው ቤታቸው አስጠልቷቸው፣ መብላትም መናገርም ትተው ነው የገቡት። አሁን ይበላሉ። ሐኪሙ ሰው ካናገሩና ቤቴ ልሂድ ካሉ እሸኛቸዋለሁ ብሏል። ያለዚያ የሚላኩት ወደ አረጋውያን መኖሪያ ነው። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ።

እንደተማርኩት አጠገባቸው ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ዝም ብሎ መቀመጥም ሥራ ነው ተብለናል። እንዲህ ስንሰነብት አንድ ጠዋት ዞር ብለው አዩኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉ ቀስ ብለው።

«የአባቴ ነኝ፣ አባባ» ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ።

«እሱማ መች ጠፋኝ። ዘርሽን ሳላውቅ ምን ብዬ ላጫውትሽ?» አሉና ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ።

ወደ አስተማሪዬ ሮጥኩ። «ለእሳቸው የሚጠቅም ከሆነ ንገሪያቸው። የወሬ ሱስሽ ከሆነ ግን ተዪው» አለችኝ። በደንብ ታውቀኛለች።

ችግሩ እኔ ከአያቴ ወዲያ አላውቅም። ታልፒዮት ሰፈር ጋራዥ ለሚሠራው አባቴ ደወልኩና ሰባት ቤት ቁጠርልኝ አልኩት።

«ምነው፣ ባል አገኘሽ እንዴ?» አለ። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት የሚቆጠረው የሚጋቡት ልጆች ዘመድ እንዳይሆኑ ለማጣራት ነው።

«አይደለም አባዬ፣ ለስታጅ ነው፣ ለትምህርቴ።»

በመዶሻ ድምፅ መሃል እየጮኸ እስከ አምስተኛው ነገረኝ። ከዚያ በላይ እሱም አያውቅም። ባል አለመገኘቱ ትንሽ ቅር ያሰኘው መሰለኝ።

ተመልሼ አንድ በአንድ ጠራሁላቸው። በሦስተኛው ተነሥተው ተቀመጡ። አምስተኛው ላይ ስቆም ስድስተኛውንና ሰባተኛውን እሳቸው ሞሉልኝ። «ለአንቺ ስድስተኛ የሆነው ለእኔ አራተኛ ነው፤ ዘመዳሞች ነን» አሉና እጄን ያዙ። በአገራቸው ሳሉ ለሙሽሮች ዘር የሚቆጥሩት እሳቸው እንደነበሩ፣ እዚህ ከመጡ በኋላ ግን ማንም ጠይቋቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ። ያን ቀን እስከ ምሳ አወሩ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ማለት ቀለለኝ።

በደስታ እየበረርኩ ሄጄ ለአስተማሪዬ ብነግራት ፊቷ ተለወጠ። «ነርስ የገዛ ዘመዱን እንዲያስታምም አይፈቀድም» አለችኝ።

«በሰባት ቤትማ ከሆነ ግማሹ ጎንደር ዘመዴ ነው!» ብዬ ተከራከርኩ።

ሳቀች፤ ከሳቋ በኋላም ሕጉ ሕግ ነው አለች። ከነገ ጀምሮ ሌላ ተማሪ ትተካኛለች፤ አማርኛ የማትችል ልጅ። ያቺ ልጅ ስትመጣ ወደ ግድግዳው ይመለሳሉ ብዬ ፈራሁ።

እኔና አስተማሪዬ አብረን ገባንና እኔ ነገርኳቸው። «አባባ፣ ዘመድዎ ስለሆንኩ ከነገ ጀምሮ እዚህ ላገለግልዎ አልችልም አሉኝ።»

እጄን እንደገና ያዙ።

«ልክ ናቸው» አሉ። «ዘመድ የሚጠየቀው በቤቱ ነው። ቤቴ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ» አልኳቸው። አባቴንም ይዤ እንደምመጣ ነገርኳቸው።

እግራቸውን ከአልጋው አውርደው ጫማቸውን በእግራቸው ይፈልጉ ጀመር። ቀና ብለው ወደ አስተማሪዬ ዞሩና በዕብራይስጥ አንዲት ቃል ተናገሩ፤ «ሀባይታ»። ወደ ቤት ማለት ነው። ከገቡ ጀምሮ ድምፃቸውን ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አስተማሪዬ ነርስ ታካሚ ፊት ስለማልቀሱ ሕጉ ምን እንደሚል ሳትነግረኝ፣ ጎንበስ ብላ ጫማቸውን ከአልጋው ሥር አወጣችላቸው።