የገመዱ ወዲያኛው ጫፍ

ኮልፌ ውስጥ እንደኔ ድንኳን የሚተክል የለም። ጉራ የመሰለው ካለ መጥቶ ይሞክር። ሬሳው ከሆስፒታል ወጥቶ ሰፈር ሳይደርስ እኔ ሸራውን ወጥሬ፣ አግዳሚውን ደርድሬ፣ ላቤን ጠርጌ ሻይ ስጠጣ ታገኘኛለህ። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ወይም ትምህርት ነው እኔን ያቆመኝ፤ እስካሁን አልተስማማንም። የእድራችን ሰዎች "ይሄ ልጅ ሰርግ ላይ ቢሠራ ሀብታም ይሆን ነበር" ይላሉ። እኔ ደግሞ ሰርግ ይሰረዛል፣ ሞት ግን ቀጠሮ አያዛባም እላቸዋለሁ።

ግን ድንኳን የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ምሰሶ ያቆማል፣ ሌላው ከሸራው ወዲያ ሆኖ ገመድ ይስባል። ሸራው መሃላችሁ ስላለ አትተያዩም። የኔ ጥንድ ጀለሴ ነበር፤ አብረን ያደግን፣ አብረን የተቀጠርን፣ አብረን የጠጣን። ለቅሶ ቤት ደግሞ "ሳብ፣ ልቀቅ" እያልክ አትጮህም፣ ነውር ነው። ስለዚህ ጀለሴ ፉጨት አመጣ። አንድ ፉጨት ያዝ ነው፣ ሁለት ፉጨት ሳብ ነው። የፊት ጥርሱ ፍንጭት ስለሆነ ፉጨቱ ቀጭን ነበር፤ ከሰማኸው በኋላም ጆሮህ ውስጥ ትንሽ ይቆያል። ሽማግሌዎቹ ይቆጡናል። "ለቅሶ ቤት አይፏጭም፣ ሰይጣን ትጠራላችሁ።" ጀለሴ ጎንበስ ብሎ "አባባ፣ ከመጣ ገመድ እናስይዘዋለን" ይላቸዋል።

ድንኳን ከተተከለ አረቄ ይመጣል። ልማድ ነው፣ ማንም በክፋት አያደርገውም። የሟች ቤተሰብ "ለብርድ" ብሎ ለተካዮቹ ጠርሙስ ያቀብላል። ሰዉ ሁሉ ቀትር ላይ ወደ ቀብር ሲሄድ ተካዮቹ ዕቃ ሊጠብቁ ይቀራሉ፣ ባዶው ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠጡታል። እኔና ጀለሴን ሚያዝያ ላይ ራሱ ይበርደን ነበር።

መጠጥ ለማቆም ፀበል ተወስጃለሁ። የእናቴ ጎረቤት ደግሞ ጴንጤ ናት፣ ፓስተር ጋ ወስዳ አስጸልያልኛለች። ሁለቱም ጋ ሰክሬ ስለሄድኩ ማንም ላይ ቅሬታ የለኝም። የያዘኝ ማኅበሩ ነው።

ማኅበሩ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ናቸው። ቦታ ሲያጡ እድሩ ዕቃ ቤቱን ፈቀደላቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። በር ልከፍትላቸው ሄጄ፣ ከፍቼ፣ ደጅ ቁጭ አልኩ። ኪሴ ውስጥ ጠርሙስ ነበር። እየጠጣሁ ሰማኋቸው፤ ጆሮ ክዳን የለውም። በሌላው ቅዳሜም ሰማኋቸው። ከዚያ በሌላኛው ገባሁ።

ያ ቤት መስኮት የለውም። አንድ አምፖል አለ። የታጠፉት ሸራዎች እንደተኙ ከብቶች ጥጉን ይዘዋል፣ ቃሬዛው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ የለቅሶ ድስቶች እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል። አንዱ ሰው ሲያወራ ድምፁ ድስቶቹ ውስጥ ይገባል። ሰውየው ዝም ካለ በኋላ ድስቶቹ ትንሽ ይቀጥላሉ። መጀመሪያ ቀን ይሄን ስሰማ "ይሄ ማኅበር አባሉ ከሚታየው ይበልጣል" አልኩ። ሳቁልኝ። ግን ሁሉም አንዴ ዞር ብለው ድስቶቹን አዩ።

ከሁሉም የምቀርበው ሁለቱን ነው። ጋሼ አሉ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፤ የፊት ጥርሳቸውን በሙሉ ሰክረው ሲነዱ የገጩት ድልድይ በልቶታል። እትዬ አሉ፣ ድሮ አረቄ አውጪ ነበሩ፤ ግማሹን ለደንበኛ፣ ግማሹን ለራሳቸው። አሁን ሽንኩርት ይሸጣሉ። "ሽንኩርት ጥሩ ነው፣ ቀማሽ አያስፈልገውም" ይላሉ።

እኛ ጋ አንድ ደንብ አለ። ክፉ ሰዓትህን ትናገራለህ። በዚያ ሰዓት ከመሃላችን አንዱ ይደውልልሃል ወይ ይመጣል። የጋሼ ክፉ ሰዓት ማምሻ ላይ ነው፣ መብራት ሲበራ። የእትዬ ንጋት ላይ ነው። የኔ ተራ ሲደርስ ልቀልድ ነበር፣ አፌ ግን "ቀትር ላይ፣ ድንኳኑ ባዶ ሲሆን" አለ። ማንም አልሳቀም። ሌሎቹ ካቆሙ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ይቆጥራሉ። እኔ ሒሳብ ስለማልችል ዛሬን ብቻ ነው የምቆጥረው። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ "ማኅበሩ ውስጥ የተማረው አንተ ብቻ ነህ" አሉኝ።

ጀለሴን አንድ ቅዳሜ አመጣሁት። አግዳሚው ሞልቶ ነበር። ቃሬዛውን ከግድግዳው አውርዶ ሁለት ድስት ላይ አጋደመውና ተቀመጠበት።

"ተነስ አንተ ልጅ፣ እሱ የሬሳ ነው" አሉት እትዬ።

"ይለመደኝ ብዬ ነው እትዬ።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። ድስቶቹ እኛ ከጨረስን በኋላ ሳቁ። ጀለሴ ሌላ ቅዳሜ አልመጣም።

ከዚያ ሆዱ አበጠ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ተኛ። አንድ ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ፣ ለፋፊው ስም ጠራ። እኔ ስሙን አልሰማሁትም፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ እኔ አልሰማሁም። ልብሴን ለብሼ ዕቃ ቤቱን ከፍቼ ሸራ እየተሸከምኩ "የት ነው?" ብዬ ስጠይቅ የእድሩ ጸሐፊ ትከሻዬን ያዘኝ። ያኔ ገባኝ።

ሌላ ሰው ሊሰጡኝ ነበር። እምቢ አልኩ። "ብቻዬን እተክለዋለሁ፣ እኔን አታውቁኝም እንዴ?" ከሸራው ወዲያ፣ በሱ ቦታ፣ ሌላ ሰው ሲቆም ማየት አልፈለግኩም። ጋሼ ወሬውን ሰምተው መጡ። "ቀትር ላይ እደውልልሃለሁ" አሉ። "አያስፈልግም ጋሼ፣ እኔ ድንጋይ ነኝ" ብዬ ስልኬን አጠፋሁት።

የጀለሴ ቤት ደጅ ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን ላይ ካስማ አይገባም፤ ያገኘኸው ነገር ላይ ነው የምታስረው። ዋናው ገመድ ከምሰሶው አናት ላይ አልፎ ወዲህና ወዲያ ይወርዳል። ወዲያ ያለውን ጫፍ ትልቅ ድንጋይ ላይ አሰርኩት። ወዲህ ያለውን የጎረቤት የብረት በር ላይ። ሁለት ሰው ቢኖር አንዱ "በሩ ሲከፈትስ?" ይል ነበር። ብቻህን ስትሆን የሚልህ የለም። ድንኳኑ ግን ቆመ፣ እንዴት እንዳማረ ልነግርህ አልችልም።

ቀትር ላይ ሬሳው ወጣ። መንገዱ ላይ ያሉት የብየዳ ቤቶች ለክብሩ ማሽናቸውን አጠፉ። አውቶቡሶቹ ሰዉን ጭነው ሄዱ። ሴቶቹ ከጀርባ ያለው ግቢ ውስጥ የባቄላ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ድምፃቸው አይሰማም። ከመሄዱ በፊት ከገጠር የመጣው የጀለሴ አጎት ጠርሙስ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። "ለብርድ ነው የኔ ልጅ፣ በርታ።" ሰውየው ምን ያውቃል? አመሰገንኩት።

ኮልፌ ዝም ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ወያላ የለም፣ መዶሻ የለም፣ ውሻ የለም። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት፣ ሸራው አረንጓዴ ስለሆነ ውስጡ ያለው ብርሃን ውኃ ውስጥ ያለህ ያስመስልሃል። ወንበሮቹ ሰው የተቀመጠባቸው ይመስል በሙሉ ወደኔ ዞረዋል። እናቴ ልጅ ሆነን ቀትር ላይ ወንዝ አትውረዱ ትለን ነበር፤ የቀትር ጋኔን ሰው መስሎ ይጠራል ትላለች። ትዝ አለኝና ሳቅኩ። ሳቄ እስከ ሸራው ሄዶ ሳይመለስ ቀረ።

ጠርሙሱን ከፈትኩ። ይሄን አልደብቅም። ሽታው ሲመጣ አፌ ራሱ ምራቅ ሞላ፣ እኔን አላማከረኝም። "አንዴ ብቻ፣ ለሱ" አልኩ። ወደ አፌ አስጠጋሁት።

ከሸራው ወዲያ ተፏጨ። አንዴ።

ቀጭን ፉጨት ነው። አልመለስኩም። አንዴ ሲጠሩህ አቤት አትበል ይባላል። እጄ ጠርሙሱን እንደያዘ ቆመ። ምሰሶው ሲጥ አለ። ቀና ስል ያዘነብላል፣ የጎረቤቱ በር ተከፍቷል። ሰዎቹ ለቀብር ሲወጡ ከፍተውት ሄደው፣ ነፋስ ሲመታው ቋጠሮው ተንሸራቶ ወጥቷል። ገመዱ መሬት ላይ ይጎተታል።

ሁለቴ ተፏጨ።

እኔ አላሰብኩም። እጄ ነው ያሰበው፤ ስንት ዓመት ለዚያ ፉጨት የታዘዘ እጅ ነው። ጠርሙሱን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ገመዱን አፈፍ አድርጌ በሁለት እጄ ሳብኩ። ምሰሶው ተቃና። ሸራው ተወጠረ። ወዲያ ያለውም ጫፍ ሳበ።

ስማኝ። ገመድ ድንጋይ ሲይዘውና ሰው ሲይዘው ክብደቱ ይለያል። ይሄን ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ድንጋይ ዝም ብሎ ይይዛል። ሰው ሲይዘው ገመዱ ይተነፍሳል፤ ትንሽ ይላላል፣ ትንሽ ይጠብቃል። ያ ገመድ ይተነፍስ ነበር።

"ማነው?" አልኩ። ብለቀው ድንኳኑ ይወድቃል፣ የጀለሴ ድንኳን፣ እናቱ ከቀብር ሲመለሱ መሬት ላይ ያገኙታል። አልለቅም። ጠርሙሱ እዚያው አግዳሚው ላይ ነው፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ እጄን ብዘረጋ የማልደርስበት ቦታ። እኔ አየዋለሁ፣ እሱ ያየኛል። መዳፌ ተላጠ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከወዲያ ገመዱ ይተነፍሳል። ፈርቼ ነበር፤ ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከወዲያ ያለው እንዳይለቅ ነበር የበለጠ የፈራሁት።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። የድንኳኑ በር ተገለጠና እትዬ ገቡ፣ ነጠላቸውን ለኀዘን እንዳዘቀዘቁ። ከኋላቸው ጋሼ እያለከለኩ።

"ቀብር አልሄዳችሁም እንዴ?"

"ዘነበወርቅ ስንደርስ ከአውቶቡሱ ወረድን" አሉ እትዬ። "ሰዉ በሙሉ አፈር ሳያለብሱ ነው የሚመለሱት ብሎ አጉረምርሟል። ያጉረምርም። እሱን የሚቀብር ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው አለ። አንተ ጋ ያለው ግን" አሉና ጠርሙሱን አዩት። ሙሉ ነበር።

"ስልክህስ፣ አንተ ድንጋይ?" አሉ ጋሼ።

"ጋሼ፣ በእናትዎ ወዲያኛውን ጫፍ ይያዙልኝ። አንድ ሰው ይዞልኛል፣ ይደክመዋል።"

"ማን?"

"እንጃ።"

ጋሼ ሸራውን ዞረው ሄዱ። ኮቴያቸው ይሰማኛል። ቆሙ። ከዚያ እጄ ላይ ክብደቱ ተለወጠ፤ የሚያውቀኝ እጅ ለቀቀ፣ የማያውቀኝ እጅ ያዘ።

"ልጄ" አሉ ከወዲያ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ይሄ ገመድ መሬት ላይ ተጥሎ ነበር እኮ። ድንጋዩም ላይ የለም። በምን ነው ቆሞ የነበረው?"

"ጋሼ፣ አፍዎን ይዝጉና ይያዙ" አሉ እትዬ።

"ማነው ያፏጨው? እርስዎ ነዎት ጋሼ?" አልኩ።

"በየትኛው ጥርሴ?"

ወደ እትዬ ዞርኩ። "እኔን አትየኝ" አሉ። "ሴት አታፏጭም።" ፊታቸው ግን አመድ መስሎ ነበር። ጠርሙሱን በነጠላቸው ጫፍ፣ እጃቸው እንዳይነካው አድርገው አንስተው፣ ፊታቸውን አዙረው ከደኑት። ለሳቸውም አረቄ ነው።

"እትዬ፣ እኔ ልያዘው?"

"አንተ ገመድህን ያዝ። እኔ ይሄን እይዛለሁ። ማናችንም አንለቅም፣ አለቀ።"

እንደዚያ ቆምን፣ ሦስታችን። ጋሼ ከወዲያ ስለሹፌርነታቸው ያወራሉ፣ ጮክ ብለው፣ ዝምታው እንዳይመለስ። እኔም ሙድ እይዝባቸዋለሁ። ሰውነቴ ቀስ እያለ ተመለሰ።

አውቶቡሶቹ ሲመለሱ ጎረምሶች መጡና ገመዱን ዳግም አሰሩ፣ በሩ ላይ ሳይሆን የመብራት እንጨት ላይ። እትዬ ጠርሙሱን ለአጎትየው መለሱለት፤ "ወንድሜ፣ ለልጁ ብርድ ሌላ ነገር አግኝተንለታል" ብለው። እጄ አልታጠፍ ስላለኝ ንፍሮውን በእፍኛቸው አምጥተው አፌ ውስጥ አጎረሱኝ፣ እንደ ሕፃን። ሌላ ቀን ቢሆን እንዴት እቀልድበት ነበር።

ከዚያ የጀለሴ እናት ገቡ። በሁለት ሰው ተደግፈው ነው። ሲያዩኝ ደጋፊዎቻቸውን ለቀው መጥተው አቀፉኝ። የጠጪ እናት ስታቅፍህ መጀመሪያ ትንፋሽህን ነው የምታሸተው፤ ስንት ዓመት ልጇን እንዲህ ስትቀበል ኖራ ልማዱ አይለቃትም። እኔም ጋ አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱኝ። ለቅሷቸው ቆመ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ ያላመኑ ይመስል እንደገና አሸተቱኝ።

ባቄላ ባቄላ ነበር የምሸተው።