የጠገራ ብሩ ዓመል

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ጊዜው ሩቅ አይደለም፤ ግን ከማላውቀው ሰው ስልክ በተደወለልኝ ቁጥር ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል። እስካሁን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ልሞክር።

ንፋስ መውጫ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ። በማመልከቻ እጄ የታወቀ ነው። ሰው መጥቶ «ጎረቤቴ አጥሬን ትንሽ ገፋብኝ» ካለኝ፣ «ሕልውናዬን አደጋ ላይ በሚጥል ሁኔታ ይዞታዬ ተደፍሮብኛል» ብዬ አወጣለታለሁ። ሲነበብለት የገዛ በደሉ አዲስ ሆኖበት እንባው የሚመጣ አለ። በዚህ ችሎታዬ እኮራ ነበር።

የዚያን ሰሞን ፕሪንተሬ ተበላሸ። ወረቀቱን ሁሉ በጥቁር መስመር ያዥጎረጉረው ጀመር። አዲስ ለመግዛት አቅም ሳጣ እናቴ ትታልኝ የሞተችው ጠገራ ብር ትዝ አለኝ። የፈረንጅ እመቤት ምስል ያለበት፣ ዱሮ ሰው የሚገበያይበት ትልቁ ብር ነው። እናቴ በክር አድርጋ ባንገቷ ታስረው ነበር። ለክሩ የተበሳው ቀዳዳ ከእመቤቲቱ ራስ በላይ ነው። በኋላ ክሩ እየተበጠሰ ሲያስቸግራት ቀዳዳውን በአንጥረኛ አስደፍና ሣጥን ውስጥ አኖረችው።

ስልኬ ላይ አሮጌ ሳንቲምና ብር የሚጫረቱበት አንድ ቻናል አለ። እዚያ ገብቼ ሌላው ሰው እንዴት እንደሚጽፍ አየሁ። ተራ የሚባል ዕቃ የለም። ሁሉም «ብርቅዬ»፣ ሁሉም «ከቤተ መንግሥት የወጣ» ነው። ዋጋውም ዓይን ያወጣ ነው። እኔ ደግሞ በጽሑፍ ከማን አንሼ። ብሩ ላይ በፈረንጅ ቁጥር 1780 የሚል ስላየሁ እንዲህ ብዬ ለጠፍሁ፦ «ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ከመኳንንት ቤት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ አንዳች እንከን የሌለበት፣ ዳግም የማይገኝ።»

መኳንንት ያልሁት እናቴን ነው። እናቴ ገበያ ላይ ጌሾ ትሸጥ ነበር።

ፎቶውን ሳነሳ ብሩን በሁለት ጣቴ ያዝሁት፤ አውራ ጣቴ የተደፈነው ቀዳዳ ላይ አረፈ። ሳላውቅ ነው እንዳልል፣ ሁለተኛውንም ፎቶ እንደዚያው አነሳሁ።

ጨረታው ሦስት ቀን ቆየ። የመጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ። በሁለተኛው ቀን ዋጋው ከፕሪንተሩ በለጠ። ሁለት ሰዎች እልህ ተጋብተው አንዱ ባንዱ ላይ ይጨምራሉ። በሦስተኛው ቀን የአንድ የእርሻ በሬ ዋጋ ሲደርስ ፈራሁ። በዚያ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ለብቻዬ ጻፈልኝ። «እህቴ፣ ጠገራ ብር ሁሉ 1780 ነው የሚለው። የጥንቱም በቅርብ የተመታውም ያው ነው። ይህ ገበያ ላይ ሩቡን አያወጣም» ይላል። አላመንሁትም። ወደ ኋላ ሄጄ የተለጠፉትን ስመለከት ግን እውነቱን ነው፤ ሁሉም 1780፣ ሁሉም «ዳግም የማይገኝ»።

ጽሑፌን ማጥፋት እችል ነበር። ጣቴን አስጠግቼ መለስሁት። ፕሪንተሩ ነዋ።

ያሸነፈችው ባሕር ዳር የምትኖር ሴት ናት። «የገዛሁት ላባቴ ነው። ስማዳ ነው ያለው፤ ቅዳሜ መጥቶ፣ አይቶ፣ ከፍሎ ይወስዳል» አለችኝ።

ቅዳሜ እስኪደርስ አባቷ ፖሊስ ይዘው ሲመጡ፣ ሱቄ ሲታሸግ፣ ደንበኞቼ «የኛስ ማመልከቻ እንዲህ ነው የተጻፈው?» ሲባባሉ ይታየኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔ ግን እያደር ከበደኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች ሱቄ ገቡ። አንደኛው ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ስማቸው አያ ውበቱ ነው። አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ በኩል መጥተው እዚህ ንፋስ መውጫ አድረዋል። ሁለተኛውን ደኅና አድርጌ አውቃቸዋለሁ። ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ከኔ ሱቅ ሦስት በር አልፎ ጨርቅና ቅመም የሚሸጡ፣ ብርና ወርቅ በማወቃቸው ከተማው የሚመሰክርላቸው ነጋዴ። ሽማግሌው አዋቂ ሰው ሲያጠያይቁ ሰዉ ወደ እሳቸው መርቷቸዋል።

ብሩን አወጣሁ። ጋሽ ሰይድ ትንሽ ሚዛን ዘርግተው ባንዱ ሳህን የኔን፣ በሌላው የራሳቸውን ጠገራ ብር አስቀመጡ። ብር የሚመዝኑት ዛሬም በዚያችው ነው። ሁለቱ ሳህኖች እኩል ቆሙ። የኔን አንስተው ገለበጡት፣ ዳሰሱት፣ «ብሩስ ብር ነው» አሉና መለሱልኝ።

እፎይ አልሁ። አያ ውበቱ ግን ገንዘብ አላወጡም። ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና «በይ እንግዲህ ዓመሉን ንገሪኝ» አሉኝ።

«የምኑን?»

«የብሩን ነዋ። በሬ ስገዛ ዓመሉን ሳልጠይቅ ገዝቸ አላውቅም። ይዋጋ እንደሆን፣ ሲጠመድ ይተኛ እንደሆን፣ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ስልኩ ላይ ያለውን ልጄ አንብባልኛለች፤ እኔ ስልክ አላውቅም። ካፍሽ ልስማው፤ እኒህም ይስሙ።»

የጻፍሁትን በቃሌ አውቀዋለሁ። «ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ» ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ ወዲያ አልወጣ አለኝ። ስጽፈው እንደ ውሃ የወረደ ቃል ነበር፤ እሳቸው ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ማለት ይህ ነው።

ጊዜ ለማግኘት ያህል «ለምን ፈልገውት ነው?» አልኋቸው።

«አደራ ነው» አሉ። «አባቴ ከጎረቤት አንድ ጠገራ ብር በአደራ ተቀብሎ ነበር። ክፉ ቀን ሲመጣ በላው። ሊሞት ሲል ጠርቶኝ ብር በብር መልስልኝ፣ በወረቀት እንዳትመልስ አለኝ። እኔ ዛሬ ነገ ስል ይኸው ሸበትሁ። የሱን ቃል ሳልፈጽም እንዳልሞት ነው ፍርሃቴ። አንዱን በሬየን ሸጨ ነው የመጣሁ። ለሰዎቹ ልጆች የምሰጠው ምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ፤ ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዳይሆንብኝ።»

አጎነበስሁ። የጋሽ ሰይድ ዓይን ከኔ ላይ አልተነሣም።

«አያ ውበቱ፣ ዓመል አለው» አልሁ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። «ዕድሜውን አላውቀውም፤ 1780 የሚለው ሁሉም ላይ አለ። ከመኳንንት ቤትም አልመጣም፤ የእናቴ ነው። ተበስቶ ነበር፣ ተደፍኗል። ፎቶው ላይ በጣቴ የሸፈንሁት እኔ ነኝ። ዋጋውም ያን ያህል አይደለም፤ ሩቡን አያወጣም።» የተደፈነውን ቦታ በመርፌ ጫፍ አሳየኋቸው።

አያ ውበቱ ብሩን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አገላብጠው አዩት። ስድባቸውን እየጠበቅሁ ነበር። የተናገሩት ግን ጋሽ ሰይድ ናቸው።

«እኔ ስዳስሰው አውቄዋለሁ» አሉኝ። «አንቺ እስክትናገሪ ነው ዝም ያልሁ። ባትናገሪ ኖሮ እኔው እናገረው ነበር።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርሁበት ቀን የለም።

አያ ውበቱ «እናትሽ የት ነበር የምታስረው?» ብለው ጠየቁኝ። ባንገቷ አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነውሩ ከተነገረ ይበቃል። እኔም ለልጆቹ እንዲሁ እነግራቸዋለሁ። እምቢ ካሉኝ ግን እመልሰዋለሁ፤ ዋስ ጥሪ» አሉ።

ጋሽ ሰይድ የገበያውን ዋጋ ቆረጡ፤ አያ ውበቱም ያንኑ ቆጥረው ሰጡኝ፣ የቀረው ወደ ኪሳቸው ተመለሰ። ዋስ ግን ማንን ልጥራ? የምጠራው ሰው ሁሉ «ለምኑ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በሩን በሩን ማየት ጀመርሁ። ያኔ ጋሽ ሰይድ ሚዛናቸውን እየጠቀለሉ «ዋሷ እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ከጨረታው ቀናት የባሱ ነበሩ። ገንዘቡን አልነካሁትም። በጋሽ ሰይድ በር ሳልፍ ቀና ብዬ አላይም፤ ብሩ ቢመለስ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከስማዳ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በእርግጥ ከስማዳ ተደወለ። በሰው ስልክ የደወሉት አያ ውበቱ ናቸው። «ተቀበሉኝ» አሉ። «ቀዳዳውን አሳየኋቸው፤ መረቁኝ። ዋስሽን ፈትቸዋለሁ፤ ንገሪልኝ።» ሱቄን እንኳ ሳልዘጋ ሮጥሁ። ጋሽ ሰይድ ጨርቅ እየለኩ ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አሉና መለካታቸውን ቀጠሉ።

ያገኘሁት ገንዘብ ለአዲስ ስላልበቃ ፕሪንተሬ ዛሬም ወረቀት ያዥጎረጉራል። ማመልከቻ ሊያጽፍ የመጣውን ሁሉ ከመጻፌ በፊት «የነገሩንም ዓመል ይንገሩኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ማመልከቻ ጸሐፊ ይሄዳል። ቅር አይለኝም። የእናቴ ብር ከሣጥኔ በመውጣቱም እምብዛም አላዝን፤ ቦታውን አግኝቷል።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አያ ውበቱ ምንም ሳይጠይቁኝ የበሬውን ዋጋ ቢቆጥሩልኝ ኖሮ፣ እጄን ዘርግቼ እቀበላቸው ነበር።