ትንሽ ጎላ አድርገኝ

ዛሬ የሰፈራችንን እድር ሰብሳቢ በማውዝ ጎትቼ አሳደግኳቸው።

ነፋስ ስልክ ያለችውን ማተሚያ ቤታችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የእድሩ ኮሚቴ ለሚሊኒየሙ ካላንደር ሊያሠራ ፎቶ ይዞ መጣ። ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዧና ጸሐፊው ከእድሩ ድንኳን ፊት ተደርድረው ቆመዋል።

ሰብሳቢው ጋሽ ሙሉጌታ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው «አንተ ልጅ፣ ትንሽ ጎላ አድርገኝ» አሉኝ።

ዙሪያቸውን ቆርጬ ጠርዙን ይዤ ጎተትኩ። ሺፍት የምትባለዋን ቁልፍ ተጭኜ ነው ታዲያ፤ አለበለዚያ ፊታቸው እንደ ድፎ ዳቦ ወደ ጎን ይሰፋል።

ገንዘብ ያዧ እትዬ ዘነበች ለካ እያዩ ነበር። «ገንዘቡን የምጠብቀው እኔ፣ የሚተልቀው እሱ?» አሉ። እሳቸውንም ጎተትኩ። ጸሐፊውም ዝም አላሉም።

ሦስቱም ሲያድጉ ድንኳኑ ከኋላቸው ጠፋ። እድሩ ያለ ድንኳን መቅረቱን ግን ልብ ያለ የለም፤ ጭቅጭቁ ማን ይበልጣል ነው።

ሲሰለቸኝ «እስቲ ሻይ ጠጥታችሁ ኑ» ብዬ ሸኘኋቸው። የነካካሁትን ሁሉ ሰረዝኩና የመጀመሪያውን ፎቶ እንዳለ አትሜ ጠበቅኳቸው።

አዩት፣ ተያዩ፣ ተስማሙ።

ሲወጡ ጋሽ ሙሉጌታ ወደ ኋላ ቀሩና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ተባረክ፣ እኔን ጎላ አድርገኸኛል» አሉኝ።

እትዬ ዘነበችም ከበር ተመልሰው ያንኑ አሉኝ። ጸሐፊው ደግሞ በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

እናንተስ፣ ምንም ሳትነኩት «አሳመርከኝ» ብሎ የመረቃችሁ ሰው አለ? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ልወቅ።